አባቴ የሌሉ ልጆች ያያሉ፤ የፓርኪንሰን መድኃኒታቸውን እናቁም?

ጥያቄ፦ «አባቴ 68 ዓመታቸው ነው። ፓርኪንሰን ነው ከተባሉ አራት ዓመት ሆናቸው። ሌቮዶፓና ካርቢዶፓ ያለበትን ኪኒን በቀን ሦስት ጊዜ ይወስዳሉ። ከስምንት ወር በፊት ፕራሚፔክሶል ተጨመረላቸው። መንቀጥቀጡ ቀንሷል፤ ግን ሌላ ጣጣ መጣ። ከተቀመጡበት ሲነሱ ያዞራቸዋል። ማታ ማታ ‹ጥግ ላይ ልጆች ተቀምጠዋል› ይላሉ። ሌሊት አይተኙም። በስልካቸው የስፖርት ውርርድ ይዘው ያነጋሉ፤ ተደብቀው ብዙ ገንዘብ ማውጣታቸውንም ደርሰንበታል። ድሮ ሎተሪ እንኳ ቆርጠው የማያውቁ ሰው ናቸው። ወንድሜ ‹መድኃኒቱ አእምሯቸውን እየነካው ነው፤ ሁሉንም እናቁም› ይላል። ምን እናድርግ?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ ሌላው ሁሉ ቆይቶ ይደርሳል፤ አንዱን ግን አሁኑኑ ልንገርሽ። የትኛውንም መድኃኒት በራሳችሁ አታቁሙ። የዛሬ ማታውንም በሰዓቱ ይውሰዱ። የወንድምሽ ጥርጣሬ መሠረት አለው። የሚያዩት ነገርም፣ ውርርዱም፣ ማዞሩም ከመድኃኒት ሊመጣ ይችላል። እኔ የማልስማማው «ሁሉንም እናቁም» በሚለው ላይ ነው።

ሌቮዶፓ በአንድ ጊዜ ሲቋረጥ ሰውነት ድርቅ ሊል ይችላል። ሰውየው መነሳት፣ መናገር፣ ምራቁን መዋጥ ያቅተዋል። ከዚያ ከፍተኛ ትኩሳትና መቃዠት ሊከተል ይችላል። ብዙ ጊዜ አይከሰትም፤ ሲከሰት ግን ሊገድል ይችላል። ፕራሚፔክሶልም በድንገት ሲቆም የራሱ መዘዝ አለው። ጭንቀት፣ ላብ፣ ድብርት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ መድኃኒቱን መልሳችሁ ስጡኝ የሚያሰኝ ብርቱ ፍላጎት። መቀነሱ ላይቀር ይችላል። ግን በሐኪም እጅ፣ ደረጃ በደረጃ መሆን አለበት።

አሁን ወደ ነገሩ ሥር እንግባ። በፓርኪንሰን በዋናነት የሚጎዱት ዶፓሚን የሚባለውን፣ የአንጎል ሴሎች መልእክት የሚለዋወጡበትን ኬሚካል የሚያመነጩ ሴሎች ናቸው። ታዲያ ዶፓሚኑን ራሱን ለምን አንሰጥም? ከደም ወደ አንጎል ማለፍ ስለማይችል ነው። ሌቮዶፓ ግን ያልፋል፤ ካለፈ በኋላ ወደ ዶፓሚን ይቀየራል። መንገዱን ያመላከተው ስዊድናዊው አርቪድ ካርልሰን ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 በመድኃኒት ፈዝዘው የተኙ እንስሳት ሌቮዶፓ ሲሰጣቸው ተመልሰው ሲነቁ አሳየ። በ2000 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኗል። በ1967 ደግሞ ጆርጅ ኮትዚያስ መድኃኒቱን በአፍ፣ በትንሹ ጀምሮ ቀስ በቀስ እየጨመረ ሰጠ። ሕሙማኑ ላይ የታየው ለውጥ ትልቅ ነበር።

ሌቮዶፓ ብቻውን ሲሰጥ አብዛኛው አንጎል ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀየራል። ያ ያቅለሸልሻል፣ ያስመልሳል፣ ግፊት ያወርዳል። ካርቢዶፓ የተጨመረው ለዚህ ነው። እሱ ራሱ ወደ አንጎል አይገባም፤ ውጭ ያለውን ቅየራ ብቻ ይገታል። ሲኔሜት የሚለው የንግድ ስም እንኳ «ያለ ማስመለስ» ከሚል ሐረግ የወጣ ነው። ማቅለሽለሽ ዛሬም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያጋጥማል፤ ብዙዎችን ግን ቀስ በቀስ ይለቃቸዋል።

ይህን ሁሉ የነገርኩሽ አንድ ነጥብ ላይ ለመድረስ ነው። ዶፓሚን የሚሠራው ለእጅና ለእግር ብቻ አይደለም። ፍላጎትም፣ ደስታም፣ «አሁንስ በቃኝ» ማለትም በከፊል የእሱ ሥራ ናቸው። የደም ግፊት ላይም እጁ አለበት። መድኃኒቱ ደግሞ እንቅስቃሴን የሚመራውን የአንጎል ክፍል ብቻ መርጦ አይሄድም። ሁሉም ጋ ይደርሳል።

ከውርርዱ ልጀምር። በደብዳቤሽ ውስጥ ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ እሱ ነው።

ፕራሚፔክሶልና ሮፒኒሮል ዶፓሚንን የሚተኩ ሳይሆኑ እሱን መስለው የሚሠሩ ናቸው። ሽልማትንና ጉጉትን በሚመለከተው የአንጎል ክፍል ላይ ያሉ ተቀባዮችን አጥብቀው ይይዛሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ፣ በአሜሪካና በካናዳ 3,090 ታማሚዎችን ያካተተ ጥናት አለ። ከእነዚህ ዓይነት መድኃኒቶች ከሚወስዱት ውስጥ 17 በመቶ ያህሉ ቢያንስ አንድ ሊቆጣጠሩት ያልቻሉት ልማድ ነበራቸው። ከማይወስዱት ውስጥ ግን 7 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። አንዱ ቁማር ነው። ሌላው የማያስፈልግ ዕቃ መግዛት፣ ሌላው ያለ ልክ መብላት፣ ሌላው ከልክ ያለፈ የግብረ ሥጋ ፍላጎት። ሬዲዮ ፈትቶ መልሶ ሲገጥም የሚያድርም አለ።

ይህ ነገር ለምን ተደብቆ እንደሚቆይ ልንገርሽ። ያፍራሉ። ሰውየው ሐኪም ፊት ስለ መንቀጥቀጡ፣ ስለ ድርቀቱ፣ ስለ እንቅልፉ ይናገራል። ስለዚህ ግን አይተነፍስም። ብዙዎቹም ከመድኃኒት ጋር ይገናኛል ብለው አያስቡም፤ «እኔው ነኝ የተበላሸሁት» ይላሉ። አንድ ጊዜ ባልና ሚስት መጥተው ግማሽ ሰዓት ያህል አወራን። ባልየው ቀድመው ወጡ። ሚስትየዋ በሩን እንደያዙ ቆሙና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አንድ ያልነገርንህ ነገር አለ» አሉኝ። የቤታቸው ቁጠባ አልቆ ነበር። ያን ቀን በራሴ በጣም አዘንኩ። መድኃኒቱን ያዘዝኩት እኔ ነኝ፤ ሳዝም ማስጠንቀቅ ነበረብኝ። ከዚያ ወዲህ ይህን ዓይነት መድኃኒት የምጽፍለትን ሰው ሁሉ፣ አብሮት የመጣውንም ጭምር፣ ፊት ለፊት እጠይቃለሁ።

ስለዚህ እባክሽ፣ ይህን የአባትሽ ጠባይ አድርጋችሁ አትዩት። ሎተሪ ቆርጠው የማያውቁት ሰው አሁንም እዚያው ናቸው። ቤተሰብ ሰብስባችሁ አትውቀሷቸው። አንቺ ወይም እናትሽ ለብቻቸው አግኟቸውና እንዲህ በሏቸው፦ «አባዬ፣ የሚወስዱት ኪኒን ሰውን እንዲህ ያደርጋል ተብሏል። ከእርስዎ አይደለም። ለሐኪሙ አብረን እንንገረው።» ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ትከሻው ላይ ያለው ሸክም ሲወርድለት አይቻለሁ። ከተስማሙ የባንክ ካርዱንና የስልክ ክፍያውን ለጊዜው ሌላ ሰው ይያዝ። መድኃኒቱ ተቀንሶ ለውጥ እስኪታይ ጊዜ ስለሚወስድ ገንዘቡን ከዛሬ ጀምሮ መጠበቅ ያስፈልጋል።

ሐኪማቸው ምናልባት ፕራሚፔክሶሉን በሳምንታት ውስጥ እየቀነሰ ያወጣዋል። ብዙዎች ላይ ልማዱ በሳምንታት ወይም በወራት ይበርዳል። በዚያ መሀል እንቅስቃሴያቸው ትንሽ ሊጎተት ይችላል፤ ያኔ ሌቮዶፓው ከፍ ይደረጋል። የሚያስጨንቅ ጊዜ ነው፤ አስቀድማችሁ እወቁት።

በዚሁ ላይ አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። አባትሽ መኪና ይነዳሉ? ፕራሚፔክሶል ቀን ላይ፣ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ፣ ድንገት እንቅልፍ ሊጥል ይችላል። ሌሊቱን ላልተኛ ሰው ደግሞ የባሰ ነው። ሐኪም እስኪያያቸው ድረስ መሪ አይያዙ።

ወደ ልጆቹ ልምጣ። የምትገልጪው ነገር ፓርኪንሰን ባለበት ሰው ላይ ደጋግመን የምንሰማው ነው። ምሽት ላይ፣ ብርሃን ሲደክም፣ ዝም ያሉ ልጆች፣ ትናንሽ ሰዎች ወይም እንስሳት ይታያሉ። አንዳንዱ ከዚያ ቀደም ብሎ «ከኋላዬ ሰው ያለ ይመስለኛል» ወይም «በጎኔ የሆነ ነገር ሽው አለ» ይላል። እዚህ ላይ ማወቅ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። እውነት እንዳልሆነ ያውቃሉ ወይስ ከልጆቹ ጋር ያወራሉ? «አይ፣ ዓይኔ ነው» ካሉ ጊዜ አለን። ከፈሩ፣ «ሊዘርፉን ገቡ» ካሉ፣ ወይም እናትሽን መጠራጠር ከጀመሩ ግን ነገሩ አስቸኳይ ሆኗል።

ቤት ውስጥ አትከራከሯቸው። «እዚያ ማንም የለም!» ብሎ መጮኽ የሚያመጣው ፍርሃት ብቻ ነው። መብራቱን አብሩ። መነጽራቸውን ስጧቸው። ወደ ጥግ አብራችሁ ሂዱ። ወንበር ላይ የተሰቀለ ኮት ልጅ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ኮቱን አንሱት።

ጥፋቱን ሁሉ መድኃኒት ላይ መጣልም ልክ አይደለም። በሽታው ራሱ እየገፋ ሲሄድ ይህን ሊያመጣ ይችላል። የሽንት ኢንፌክሽን፣ ውኃ ማነስ፣ ከባድ የሆድ ድርቀት፣ አዲስ የተጀመረ የእንቅልፍ ወይም የአለርጂ ወይም የሕመም ማስታገሻ ኪኒን እንዲሁ። ነገሩ በአንድ ሁለት ቀን ድንገት ከመጣ ወይም ከከፋ ፓርኪንሰኑን ትቼ መጀመሪያ የምፈልገው ኢንፌክሽን ነው። የእሳቸው ግን ቀስ ብሎ የመጣ ይመስላል። ከተጨመረው መድኃኒት ጋርም በጊዜ ይገጥማል።

መቀነስ ሲያስፈልግ ሐኪሞች ቅደም ተከተል አለን። መጀመሪያ የሚወጣው ለመንቀጥቀጥ የሚሰጠው እንደ አርቴን ያለው ነው፤ በዕድሜ የገፋን ሰው ክፉኛ ያደናግራል። ቀጥሎ ሌሎቹ የፓርኪንሰን መድኃኒቶች፦ አማንታዲን፣ ከዚያም ሴሌጂሊንን የመሰሉት፣ ከዚያ የፕራሚፔክሶል ቤተሰብ። ሌቮዶፓ የሚነካው መጨረሻ ላይ ነው። ለጠቀመው ጥቅም አእምሮን የሚረብሸው ከሌሎቹ ያነሰ ነውና። ይህ ሁሉ ተደርጎም ካልለቀቀ የሌለ ነገር ማየትን ለማስታገስ በትንሽ መጠን ኩዌቲያፒን ወይም ክሎዛፒን ይሰጣል። ክሎዛፒን ነጭ የደም ሴል ሊያወርድ ስለሚችል መደበኛ የደም ምርመራ ይፈልጋል።

አሁን የምጽፈውን ለወንድምሽም አንብቢለት፤ ከቻላችሁ በወረቀት ጽፋችሁ ከመታወቂያቸው ጋር አድርጉት። ሃሎፔሪዶል፣ ክሎርፕሮማዚን፣ ሜቶክሎፕራማይድ ማለትም ፕላሲል፣ ፕሮሜታዚን ለአባትሽ አይሆኑም። ዶፓሚንን የሚዘጉ ናቸው። ሌሊት ድንገተኛ ክፍል የገባ ሰው ቢያስመልሰው ፕላሲል፣ ቢረበሽ ሃሎፔሪዶል ሊወጋ ይችላል። የተረኛው ሐኪም ክፋት አይደለም፤ የፓርኪንሰን ታማሚ መሆኑን ማንም አልነገረውም። አንዲት እናት ለማስመለስ አንድ መርፌ ተወግተው በማግስቱ ከአልጋ መነሳት፣ ማንኪያም መያዝ አቅቷቸው አይቻለሁ። ወደ ነበሩበት ለመመለስ ቀናት ፈጀባቸው። ለማስመለስ ዶምፔሪዶን የተሻለ አማራጭ ነው፤ ግን ልብ ላይ ስለሚሠራ በቅድሚያ የልብ ምርመራ ይደረጋል።

ማዞሩን እቤት መለካት ትችላላችሁ። የግፊት መለኪያ ካላችሁ አምስት ደቂቃ አስተኟቸውና ለኩ። ከዚያ ይቁሙ፤ አንድ ሰው ይደግፋቸው። ከቆሙ በ1 ደቂቃ ለኩ፣ በ3 ደቂቃ ድገሙ። የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም ከዚያ በላይ፣ ወይም የታችኛው በ10 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ግፊታቸው ሲነሱ እየወደቀ ነው። ቁጥሮቹን ከነሰዓታቸው ጻፉ። መድኃኒቱን ከወሰዱ ከአንድ ሰዓት በኋላ የተለካና ከመውሰዳቸው በፊት የተለካ ለየብቻ ይሁን።

ሌቮዶፓም ፕራሚፔክሶልም ግፊት ያወርዳሉ። በሽታውም ያወርዳል። ብዙ ጊዜ ግን የሚረሳው ሌላ ነው። አባትሽ ከድሮ ጀምሮ የሚወስዱት የደም ግፊት ኪኒን አለ? ከአሥር ዓመት በፊት የታዘዘ፣ ማንም ዞር ብሎ ያላየው? ለፕሮስቴት የሚሰጡ አንዳንድ ኪኒኖችም እንዲሁ ናቸው። የቤቱን መድኃኒት በሙሉ በአንድ ከረጢት ይዛችሁ ሂዱ። ስሙን መናገር አይበቃም፤ ራሱን አሳዩ።

እስከዚያ ጠዋት ከመነሳታቸው በፊት አልጋው ጠርዝ ላይ ሁለት ደቂቃ ይቀመጡ። እግራቸውን እየረገጡ ያንቀሳቅሱ። ልብና ኩላሊታቸው ደህና ከሆነ ግማሽ ሊትር ያህል ውኃ በአንድ ጊዜ መጠጣት ግፊትን ለተወሰነ ጊዜ ከፍ ያደርጋል። የአልጋውን ራስጌ ከፍ ማድረግም ይረዳል። ሌሊት ሽንት ቤት ሲሄዱ መብራት ይኑር። ፓርኪንሰን ባለበት ሰው የዳሌ አጥንት ስብራት የሚያመጣውን መከራ ስላየሁ ነው ይህን አጥብቄ የምለው።

ያልጠየቅሽው ግን የሚመጣ አንድ ነገር አለ። ሌቮዶፓ ደም ውስጥ ያለው ዕድሜ አጭር ነው፤ በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። መጀመሪያ ላይ አንጎል ጥቂት ማጠራቀም ስለሚችል አይታወቅም። ዓመታት ሲያልፉ ማጠራቀሙ ይቀራል። ያኔ ጠዋት 1 ሰዓት የተወሰደው ኪኒን 5 ሰዓት ላይ ያልቃል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ እግሩ ከመሬት አልነሳ ይላል። ወይም በተቃራኒው መድኃኒቱ ጫፍ ሲደርስ ሰውነት ያለ ፈቃድ ይወራጫል፤ አንገት ይዞራል፣ ትከሻ ይወዛወዛል። ቤተሰብ ይህን «መንቀጥቀጡ ባሰበት» ብሎ ኪኒን ይጨምርለታል። የተሳሳተ ነው። አንዱ የመድኃኒት ማነስ፣ ሌላው የመድኃኒት መብዛት ነው። የሚለያቸው ሰዓቱ ነው። ግራ ከገባሽ በስልክ አንድ ደቂቃ ቅረጺና ለሐኪሙ አሳዪ።

ከዚህ የተነሳ «መድኃኒቱን ለክፉ ቀን እናቆየው» የሚሉ አሉ። ልክ አይመስለኝም። በጋና ያሉ ታማሚዎችን ከጣሊያን ታማሚዎች ጋር ያነጻጸረ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት አለ። ጋናውያኑ ሌቮዶፓ የጀመሩት ዘግይተው ነው። መወራጨቱና የመድኃኒቱ ቶሎ ማለቅ ግን በሁለቱም ዘንድ በሽታው በጀመረ በተቀራራቢ ጊዜ ነው የመጣው። በማዘግየት ያተረፉት አልነበረም፤ ደህና ሆነው ሊኖሩባቸው የሚችሉትን ዓመታት አጡ እንጂ። ወሳኙ የበሽታው ዕድሜና የመድኃኒቱ መጠን ነው። ስለዚህ የሚበቃ ትንሹ መጠን፣ በትክክለኛው ሰዓት።

ሰዓት ካልኩ ምግብንም ላንሳ። ፕሮቲን ከሌቮዶፓ ጋር አንጀትም ላይ፣ አንጎል በር ላይም ይጋፋል። ኪኒኑን ከምግብ ግማሽ ሰዓት በፊት ወይም ከአንድ ሰዓት በኋላ ቢወስዱ ጥሩ ነው። በወተት አይዋጥ፤ በውኃ ይሁን። የብረት ኪኒን የሚወስዱ ከሆነ ቢያንስ በሁለት ሰዓት ይራራቅ። ቀስ ብሎ የሚለቀቀውን ዓይነት አትፍጩት።

የሌሎቹን የጎንዮሽ ጉዳቶች በአጭሩ። ሽንትና ላብ ጠቆር ማለቱ ከሌቮዶፓ ነው፤ አያስፈራም። የሌቮዶፓን ጊዜ ለማራዘም የሚጨመረው ኤንታካፖን ሽንትን ብርቱካናማ ያደርጋል፤ ያስቀምጣልም። አማንታዲን ቁርጭምጭሚት ያሳብጣል፤ እግር ቆዳ ላይ መረብ የመሰለ ሐምራዊ መስመር ያወጣል። ሴሌጂሊን ወይም ራሳጂሊን የሚወስድ ሰው ትራማዶል፣ ፔቲዲን፣ ዴክስትሮሜቶርፋን ያለበት የሳል ሽሮፕ አይውሰድ፤ የድብርት መድኃኒትም ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።

አሁን ስልኩን አንሺና ለሚከታተላቸው ክሊኒክ ይህን ተናገሪ፦ «አባቴ ፕራሚፔክሶል ከጀመሩ ስምንት ወር ሆኗቸዋል። ውርርድ ማቆም አቅቷቸዋል፣ ማታ የሌሉ ልጆች ያያሉ፣ ሲነሱ ያዞራቸዋል። መድኃኒቱን አላቆምንም። የሚቀርበው ቀጠሮ በዚህ ሳምንት እንዲሆንልን እንፈልጋለን።» ከተናገርሽው ውስጥ ውርርዱን እንዳታስቀሪው። ቀጠሮው ከመድረሱ በፊት ትኩሳት፣ ድንገተኛ መደናገር፣ መውደቅ፣ መዋጥ አለመቻል ወይም «ከዚህ ኑሮ ሞት ይሻለኛል» የሚል ቃል ከመጣ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ያንን ወረቀትና የመድኃኒቱን ከረጢት ይዛችሁ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው።